ትናንሽ ክሊኒኮች ሳይሸጡ እንዲኖሩ፦ የዶክተር ፋርዛድ ሞስታሻሪ የሥራ ዘመንና የሜዲኬር የቁጠባ ድርሻ አሠራር

በአሜሪካ ሐኪሙ ራሱ ባለቤት ሆኖ የሚያስተዳድረው ክሊኒክ ከዓመት ወደ ዓመት እየተመናመነ መጥቷል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በየጊዜው በሚያካሂደው ጥናት መሠረት፣ በ2012 ከሀገሪቱ ሐኪሞች 60 በመቶ የሚሆኑት የሚሠሩት ባለቤትነቱ በሐኪሞች እጅ በሆነ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነበር፤ ይህ ቁጥር በ2022 ወደ 47 በመቶ ገደማ፣ በ2024 ደግሞ ወደ 42 በመቶ ወርዷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቀሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ ክሊኒካቸውን ለሆስፒታል፣ ለኢንሹራንስ ኩባንያ ወይም ለባለሀብቶች ሸጠው ተቀጣሪ የሆኑ፣ አለዚያም ከመጀመሪያውኑ ተቀጥረው ሥራ የጀመሩ ናቸው።

ይህን አካሄድ ለመግታት ሲሠሩ ከኖሩት ሰዎች መካከል ዶክተር ፋርዛድ ሞስታሻሪ አንዱ ናቸው። በኒውዮርክ ከተማ ጤና ቢሮ፣ ቀጥሎ በፌዴራል መንግሥት፣ ከ2014 ወዲህ ደግሞ ራሳቸው በመሠረቱት አሌዴድ በተባለ ኩባንያ ውስጥ ያሳለፉት የሥራ ዘመን ሲታይ፣ ቦታው ቢለዋወጥም ሲመልሱት የኖሩት ጥያቄ አንድ ነው፦ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ሳይሸጥ የትልቅ ተቋም አቅም እንዴት ሊያገኝ ይችላል? ጥያቄውን ለመረዳት ግን አስቀድሞ ክሊኒኮቹ ለምን እንደሚሸጡ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሐኪሞቹ ክሊኒካቸውን የሚሸጡት ታካሚ ስላጡ አይደለም። የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የምንለው ሰው ሲያመው አስቀድሞ የሚሄድበት፣ ደም ግፊቱንና ስኳሩን ለዓመታት የሚከታተልለት፣ ሲያስፈልግም ወደ ስፔሻሊስት የሚልከው ሐኪም የሚሰጠው አገልግሎት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች በ2021 ባወጡት ሪፖርት እንደተገለጸው፣ በሀገሪቱ ካለው የሐኪም ቀጠሮ 35 በመቶ የሚሆነውን የሚያስተናግዱት እነዚህ ሐኪሞች ሲሆኑ፣ ለሕክምና ከሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ የሚደርሳቸው ግን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም ላይ የክሊኒኩ ኪራይ፣ የነርሷ ደመወዝ፣ ሂሳብ ለኢንሹራንስ የሚልከው ሠራተኛ ክፍያ ይነሣለታል።

ሌላው ችግር ያለው ክፍያው በሚታሰብበት መንገድ ላይ ነው። ሐኪሙ ታካሚዋን በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ካያት ይከፈለዋል። ማታ ደውሎ መድኃኒቷን እንዳትረሳ ቢያሳስባት፣ ከልብ ስፔሻሊስቷ ጋር ተነጋግሮ የማያስፈልግ ምርመራ ቢያስቀርላት፣ በዚህም ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል ከመሄድ ብትድን፣ ለዚህ ሁሉ ለረጅም ዘመን አንድም ሳንቲም አይከፈለውም ነበር። በአንጻሩ ክሊኒኩ በሆስፒታል ሲገዛ፣ ሐኪሙም ክፍሉም ምርመራውም ያው ሆኖ ሳለ፣ ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የተቋቋመው የፌዴራል መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ለብዙ አገልግሎቶች ለሆስፒታሉ ተጨማሪ የተቋም ክፍያ ሲከፍል ኖሯል። ኮንግረስ በ2015 ባወጣው ሕግ ይህን ቢያጠብበውም ልዩነቱ ፈጽሞ አልጠፋም። እንግዲህ ሆስፒታሉ ክሊኒኩን ለመግዛት ከሐኪሙ የተሻለ አቅም ያለው በሥራው ስለበለጠ ሳይሆን የክፍያ ሥርዓቱ ስላደላለት ነው ማለት ይቻላል። ከሽያጩ በኋላ ዋጋ እንደሚጨምር በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ ታካሚውም ወደ ስፔሻሊስት ሲላክ የሚላከው ብዙውን ጊዜ ወደዚያው ሆስፒታል ሐኪሞች ይሆናል።

ዶክተር ሞስታሻሪ ያደጉት በኢራን ሲሆን፣ በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው ወደ አሜሪካ መጥተው በሃርቫርድ የሕዝብ ጤናን፣ በዬል ደግሞ ሕክምናን ተምረዋል። ሥራቸውን የጀመሩት ግን በክሊኒክ አስተዳደር ሳይሆን በወረርሽኝ ምርመራ ነው። በፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የወረርሽኝ መርማሪዎች ፕሮግራም ሥር ኒውዮርክ ተመድበው፣ በ1999 በከተማዋ የተከሠተውን የዌስት ናይል ቫይረስ ወረርሽኝ ከመረመሩት ባለሙያዎች መካከል ነበሩ። ይህ የኋላ ታሪክ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። የወረርሽኝ መርማሪ የሚያየው አንድን ታካሚ ብቻ አይደለም፤ ማን እንዳልመጣ፣ ማን ሳይቆጠር እንደቀረ፣ በሽታው የት እንደተሸሸገ ይጠይቃል። ይህንኑ ጥያቄ ነው በኋላ ወደ ትናንሽ ክሊኒኮች ይዘው የገቡት።

በ2005 በኒውዮርክ ከተማ ጤና ቢሮ ውስጥ በትናንሽ ክሊኒኮች ላይ ያተኮረ የመረጃ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ የመሩትም እርሳቸው ነበሩ። ያን ጊዜ በሃርለም፣ በደቡብ ብሮንክስና በመካከለኛው ብሩክሊን የነበሩት አብዛኞቹ ትናንሽ ክሊኒኮች የሚሠሩት በወረቀት ካርድ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብሎ የወረቀት ካርድ ምን እንደሚያስችልና ምን እንደማያስችል ማየት ይጠቅማል። ሐኪሙ ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ካርድ ገልጦ የባለፈውን ወር ደም ግፊት ማንበብ ይችላል። ነገር ግን አንድ ሰው መጥቶ፣ ደም ግፊት ካለባቸው ታካሚዎችዎ መካከል ግፊታቸው ያልተስተካከለው ስንቶቹ ናቸው፣ ከእነዚህስ ስድስት ወር ሙሉ ብቅ ያላሉት እነማን ናቸው ብሎ ቢጠይቀው፣ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ካርዶች በሙሉ አንድ በአንድ ካላወጣ በቀር መልስ የለውም። ሐኪሙ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ታካሚዎቹንም እንደ ቤተሰቡ ያውቅ ይሆናል፤ የሚያውቀው ግን የሚመጡትን ነው። በስትሮክ ወድቀው ሆስፒታል የሚገቡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያልመጡት ናቸው።

ፕሮጀክቱ ለእነዚህ ክሊኒኮች በከተማዋ ድጎማ የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ አስገባላቸው። ሶፍትዌሩ ሐኪሙ ታካሚውን ሲያይ የቀረውን ክትባት፣ ያልተደረገውን ምርመራ፣ ያልተስተካከለውን ግፊት እንዲያስታውሰው ተደርጎ የተዘጋጀ ነበር። ይሁንና የፕሮጀክቱ ትልቁ ትምህርት ከሶፍትዌሩ የመጣ አይመስለኝም። ከጊዜ በኋላ በእነዚሁ ክሊኒኮች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ መዝገቡን ማስገባት ብቻውን የሕክምናውን ጥራት አላሻሻለም፤ ለውጥ የታየው ባለሙያ ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ እየተመላለሰ በረዳቸውና መዝገቡን ለወራት በተጠቀሙ ክሊኒኮች ዘንድ ነው። መሣሪያ ሰጥቶ መሄድ አይበቃም፤ አጠገብ ሆኖ የሚያሠራ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ግንዛቤ እስከ ዛሬ ድረስ የዶክተሩ ሥራ ምሰሶ ሆኖ ቆይቷል።

በ2009 ኮንግረስ ኢኮኖሚውን ለማነቃቃት ባወጣው ሕግ ውስጥ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ለሚያስገቡ ሐኪሞች ማበረታቻ ገንዘብ ተመደበ። አንድ ሐኪም በሜዲኬር በኩል እስከ 44,000 ዶላር፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በተቋቋመው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ በሜዲኬይድ በኩል ደግሞ እስከ 63,750 ዶላር በየዓመቱ እየተከፋፈለ ሊያገኝ ይችል ነበር። ዶክተር ሞስታሻሪ በዚያው ዓመት ፕሮግራሙን ወደሚያስፈጽመው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገቡ፤ ከ2011 እስከ 2013 ድረስም የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሆነው አገለገሉ። የኒውዮርኩ አሠራር በዚህ ጊዜ ወደ መላ ሀገሪቱ ተሻገረ፤ 100,000 የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ሰጪዎችን በቅርብ ሆነው እንዲያግዙ 62 የክልል ድጋፍ ማዕከላት ተቋቋሙ። በ2008 ከክሊኒክ ሐኪሞች መካከል መሠረታዊ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ የነበራቸው 17 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2013 ወደ 48 በመቶ ደረሱ።

የዚህ ዘመቻ ውጤት ግን ጥሩ ብቻ አልነበረም፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍም ተገቢ አይሆንም። ሐኪሞች ከታካሚው ይልቅ ኮምፒዩተሩን ሲያዩ መዋል ጀመሩ፤ የአንዱ ሆስፒታል መዝገብ ከሌላው ክሊኒክ መዝገብ ጋር አልነጋገር አለ፤ የሶፍትዌሩ ወጪና የሪፖርቱ ብዛት ትንሹን ክሊኒክ ከትልቁ ይበልጥ አደከመው። በእኔ ግምት የችግሩ ሥር መዝገቡ አይደለም። ሕጉ ለመመዝገብ ከፈለ፤ የሕክምናው ክፍያ ግን እንደ ቀድሞው በታየ ታካሚ ቁጥር ቀረ። ክሊኒኩ አሁን ያልመጣችውን ታካሚ ስም ከመዝገቡ ማውጣት ይችላል፤ ሆኖም ስልክ ደውሎ ለመጥራት ሠራተኛ መመደብ አሁንም ከኪሱ የሚያወጣው ወጪ ነው። የዶክተር ሞስታሻሪ ሦስተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በ2010 የወጣውና ብዙዎች ኦባማኬር ብለው የሚጠሩት የጤና ሕግ፣ በሜዲኬር ሥር አንድ አዲስ የክፍያ መንገድ ፈጠረ፤ መንገዱም ከ2012 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሐኪሞች፣ ክሊኒኮች ወይም ሆስፒታሎች ተሰባስበው በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤሲኦ የሚባል ማኅበር ያቋቁማሉ፤ ማኅበሩ ለአባላቱ ታካሚዎች ጠቅላላ የሕክምና ወጪና ጥራት ለሜዲኬር ተጠያቂ ይሆናል። ክፍያው እንደ ቀድሞው በየአገልግሎቱ ይቀጥላል። በዓመቱ መጨረሻ ግን ሜዲኬር ለእነዚያ ታካሚዎች ያወጣውን ገንዘብ ሁሉ፣ የሆስፒታሉን፣ የስፔሻሊስቱን፣ የላቦራቶሪውን ጨምሮ ደምሮ፣ አስቀድሞ ካስቀመጠው የመለኪያ ወጪ ጋር ያነጻጽራል። ወጪው ከመለኪያው ካነሰና ጥራቱ ከተጠበቀ፣ ከተቆጠበው ገንዘብ ለማኅበሩ ድርሻ ይሰጠዋል።

በቁጥር እንየው፤ አኃዞቹ ለማስረዳት ያህል የተመረጡ ናቸው። 10,000 የሜዲኬር ታካሚዎች ያሉት ኤሲኦ አለ እንበል፤ የመለኪያ ወጪው ለአንድ ሰው በዓመት 12,000 ዶላር ቢሆን ጠቅላላው 120 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። በዓመቱ በእርግጥ የወጣው 114 ሚሊዮን ቢሆን 6 ሚሊዮን ዶላር፣ ማለትም 5 በመቶ ተቆጥቧል። የማኅበሩ ድርሻ ግማሽ ከሆነ 3 ሚሊዮን ዶላር ይደርሰዋል፤ አባላቱ 40 ሐኪሞች ቢሆኑ ለእያንዳንዱ 75,000 ዶላር ማለት ነው፤ ከዚህ ላይ የደገፋቸው ኩባንያ ድርሻ ይቀነሳል። ገንዘቡ ግን ታካሚን በመከልከል የሚገኝ እንዳይሆን የጥራት መለኪያዎች አሉ፤ የደም ግፊት መስተካከል፣ የስኳር ቁጥጥር፣ የድብርት ምርመራ ከእነዚህ መካከል ናቸው። መለኪያዎቹን ያላሟላ ማኅበር ሙሉ ድርሻውን አያገኝም።

ይህ ሁሉ ለትንሽ ክሊኒክ የተፈጠረ ይመስላል፤ ነገር ግን ደንቡን ጠጋ ብሎ ላየው ትንሹ ክሊኒክ ብቻውን ሊገባበት አይችልም። በመጀመሪያ አንድ ኤሲኦ ቢያንስ 5,000 የሜዲኬር ታካሚዎች ሊኖሩት ይገባል፤ ሁለት ሐኪሞች ያሉት ክሊኒክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሉት የሜዲኬር ታካሚዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ሁለተኛ፣ ወጪው ከመለኪያው ሲበልጥ ኪሳራውን በማይጋሩበት ደረጃ ላይ ያሉ ማኅበራት ድርሻ ለማግኘት የሚያስፈልጋቸው ዝቅተኛ ቁጠባ እንደ መጠናቸው ይለያያል፤ በመሠረታዊው ደንብ 5,000 ታካሚ ብቻ ያለው 3.9 በመቶ ገደማ መቆጠብ ሲኖርበት፣ ከ60,000 በላይ ያለው ግን 2 በመቶ ይበቃዋል። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። በጥቂት ሰዎች መካከል አምስት ያህሉ በአንድ ዓመት በካንሰር ቢታመሙ ወይም ሁሉም ጤነኛ ሆነው ቢያልፉ፣ የወጪው ልዩነት የሐኪሙ ጥረት ውጤት ይሁን የአጋጣሚ ጉዳይ መለየት አይቻልም። ቁጥሩ ሲበዛ አጋጣሚው እርስ በርሱ ይቻቻላል። ሦስተኛውና ሐኪሞችን ይበልጥ የሚፈትነው ጊዜው ነው። በጥር ወር የጀመረ ማኅበር ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ የቀሩ ሂሳቦች እስኪገቡ ይጠበቃል፤ ውጤቱ የሚገለጸውና ገንዘቡ የሚመጣው በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ወይም መጸው ላይ ነው። ሐኪሙ ተጨማሪ ነርስ ቀጥሮ፣ የሥራ ልማዱን ቀይሮ፣ ሃያ ወር ያህል ከጠበቀ በኋላ ምንም ላያገኝ ይችላል። የዚህ ዓይነት ጥበቃ የሚቻለው ካዝናው ለሞላ ሆስፒታል ነው።

ዶክተር ሞስታሻሪ በ2014 ከማት ኬንዳል ጋር ሆነው በሜሪላንድ ቤተስዳ የመሠረቱት አሌዴድ የሚሠራው ይህን ክፍተት በመሙላት ነው። ኬንዳል በኒውዮርኩ ፕሮጀክትም በፌዴራሉ መሥሪያ ቤትም አብረዋቸው የሠሩ ሰው ናቸው። ኩባንያው ክሊኒኮቹን አይገዛም። እያንዳንዱ ክሊኒክ በባለቤቱ እጅ እንዳለ ከሌሎች ጋር በአንድ ኤሲኦ እንዲሰባሰብ ያደርጋል፤ የሂሳቡን ትንተና ይሠራል፤ ሠራተኛ ልኮ ያግዛል፤ እስከ ክፍያው ድረስ ያለውን የጥበቃ ጊዜ በራሱ ገንዘብ ይሸፍናል፤ ቁጠባ ሲገኝ ደግሞ ከማኅበሩ ድርሻ ላይ ይካፈላል። በ2023 አብረውት የሚሠሩት ክሊኒኮች ከ1,500 በላይ ደርሰው ነበር። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሌሎች ኩባንያዎችም አሉ፤ ይህኛው ግን ከመነሻው በትናንሽ የመጀመሪያ ደረጃ ክሊኒኮች ላይ በማተኮሩ ይታወቃል።

ቁጠባው ከየት እንደሚመጣ ለማየት አንዲት የ76 ዓመት እናት ልብ ደክሞባቸው ሆስፒታል ተኝተው ወጡ እንበል። ቀደም ሲል የቤተሰብ ሐኪማቸው ይህን የሚሰማው ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመደበኛ ቀጠሮ ሲመጡ፣ አንዳንዴም ዳግመኛ ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ነበር። አሁን ሆስፒታሎች ታካሚ ሲገባና ሲወጣ ለሐኪሙ የኤሌክትሮኒክ ማሳወቂያ እንዲልኩ ከ2021 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ ይገደዳሉ። የክሊኒኩ ነርስ ጠዋት ኮምፒዩተሯን ስትከፍት ትናንት ከሆስፒታል የወጡት ሰዎች ስም ተዘርዝሮ ይጠብቃታል። በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ትደውላለች፤ ሐኪሙም እንደ ሕመሙ ክብደት በ7 ወይም በ14 ቀናት ውስጥ ያያቸዋል። ሜዲኬር ከ2013 ጀምሮ ለዚህ ክትትል ራሱን የቻለ ክፍያ ይከፍላል።

በዚያ ስልክ ላይ የመጀመሪያው ሥራ ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ማስነበብ ነው። እናት ቤት ውስጥ ያለው ጠርሙስ ዜስትሪል ይላል፤ ሆስፒታሉ የሰጣቸው አዲሱ ጠርሙስ ደግሞ ሊሲኖፕሪል። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ አንዱ የኩባንያው ስም፣ ሌላው የመድኃኒቱ መጠሪያ ነው። ሁለቱንም ቢውጡ ግፊታቸው ወርዶ፣ ራሳቸውን ስተው፣ ዳሌያቸው ሊሰበር ይችላል። ልጃቸው ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ስታነብ ነርሷ ስህተቱን ትይዘዋለች። የአሥር ደቂቃ ስልክ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያስወጣ ቀዶ ሕክምና ሊያስቀር ይችላል፤ እናቲቱም በእግራቸው ሄደው ቤተ ክርስቲያን መሳም ይቀጥላሉ። የኤሲኦ ቁጠባ ሲባል ከበስተጀርባው ያለው ሥራ በአመዛኙ እንዲህ ያለ ነው፦ ከሆስፒታል የወጣን ሰው ቶሎ መደወል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለሁሉም ታካሚ የጤና ዕቅድ መሥራት፣ ብዙ ሕመም ያለባቸውን በየወሩ መከታተል፣ ማታና ቅዳሜ ስልክ ማንሣት።

በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ በሚገኙት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ለወላጆቻቸው የሜዲኬር ወረቀት የሚያነቡት ልጆች ናቸውና አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ ይገባል። ሐኪማቸው ኤሲኦ ውስጥ ከገባ ይህንኑ የሚገልጽ ማስታወቂያ ይደርሳቸዋል። ማስታወቂያው ኢንሹራንሳቸው ተቀየረ ማለት አይደለም። በመደበኛው ሜዲኬር ሥር ያለ ሰው ሜዲኬርን የሚቀበል ማንኛውም ሐኪም ወይም ሆስፒታል ዘንድ የመሄድ መብቱ እንደተጠበቀ ነው፤ የሚከፍለውም አይጨምርም። የሕክምና መረጃው ለኤሲኦው እንዳይሰጥ ከፈለገ ለሜዲኬር ደውሎ ማስከልከል ይችላል። ይህን ሜዲኬር አድቫንቴጅ ከሚባለው ጋር ማምታታት አይገባም፤ በዚያኛው ታካሚው ራሱ ፈርሞ ወደ የግል ኩባንያ ዕቅድ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም የሐኪሞቹ ዝርዝር የተወሰነ ይሆናል።

አሠራሩ ውጤት አምጥቷል? የሜዲኬር መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው በ2023 ፕሮግራሙ ለኤሲኦዎች ድርሻቸውን ከከፈለ በኋላ ለሜዲኬር ያስቀረው የተጣራ ቁጠባ 2.1 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ኤሲኦዎቹ ደግሞ 3.1 ቢሊዮን ዶላር አግኝተዋል። ከሜዲኬር ጠቅላላ ወጪ አንጻር ይህ ትንሽ ነው። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን በማኅበራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በ2022 ከአባላቱ 75 በመቶና ከዚያ በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ሰጪዎች የሆኑባቸው ኤሲኦዎች በአንድ ታካሚ 294 ዶላር የተጣራ ቁጠባ ሲያስገኙ፣ ከዚያ ያነሱ ያሏቸው ግን 149 ዶላር ነበር ያስገኙት። ለዚህ ልዩነት የሚሰጠው ምክንያት አሳማኝ ይመስለኛል። የሚቆጠበው ገንዘብ በዋናነት ሰው ሆስፒታል ባለመግባቱ የሚገኝ ነው። ሆስፒታል የሚመራው ኤሲኦ አንድ ታካሚ ሳይተኛ ሲቀር ከቁጠባው ድርሻ ያገኛል፤ በዚያው ልክ ግን ከአልጋው ያገኝ የነበረውን ገቢ ያጣል። የራሱ አልጋ የሌለው የቤተሰብ ሐኪም የሚያጣው ነገር የለም። ስለዚህ የትንሹ ክሊኒክ በሐኪሙ እጅ መቆየት የሐኪሙ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ታካሚው ሆስፒታል እንዳይገባ ከልቡ የሚጥር፣ ገቢውም ከዚያ ጋር የማይጋጭበት ሰው መኖሩ የሕዝብ ጥቅም ነው። የዶክተር ሞስታሻሪ ሥራ የሚቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው፤ እኔም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ማለት ግን ጥያቄ አይነሣበትም ማለት አይደለም። አንደኛው የመለኪያው ጉዳይ ነው። መለኪያ ወጪው በየጊዜው ከማኅበሩ የቅርብ ዓመታት ወጪ እየተነሣ ስለሚሰላ፣ ዘንድሮ ብዙ የቆጠበ ለሚቀጥለው የውል ዘመን መቆጠቢያው ይጠብበታል፤ መሥሪያ ቤቱ ይህን ለማለዘብ ደንቡን ደጋግሞ አሻሽሏል። ሌላው የሕመም ምዝገባ ነው። ታካሚው በመዝገብ ላይ ይበልጥ ታማሚ ሆኖ ሲታይ መለኪያ ወጪው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ያለውን ሕመም በትክክል በመመዝገብና አጋንኖ በመመዝገብ መካከል ያለው መስመር በጥንቃቄ መጠበቅ አለበት። ጭማሪው ጣሪያ የተበጀለት ለዚህ ነው። አሌዴድን ራሱን አንድ የቀድሞ ሠራተኛ በዚህ ጉዳይ ከስሶታል፤ ኩባንያው ክሱን አስተባብሏል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የባለሀብቶቹ ነው። ኩባንያው በ2023 ብቻ ከባለሀብቶች 260 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቧል። ክሊኒኩን ከሆስፒታል ጥገኝነት አውጥቶ የባለሀብት ጥገኛ ማድረግ እንዳይሆን የሚሰጉ ሐኪሞች አሉ፤ ስጋቱም ሊናቅ አይገባም። አሌዴድ የሕዝብ ጥቅምን በሕግ ዓላማው ያደረገ ኩባንያ ሆኖ መመዝገቡ ለዚህ የሰጠው አንዱ መልስ ነው። ከምዝገባው ይልቅ እኔ ክብደት የምሰጠው ለውሉ ነው፦ ክሊኒኩ የሐኪሙ ንብረት ሆኖ እስከቀጠለ፣ ውሉም ሲያበቃ ታካሚዎቹንና መዝገቡን ይዞ መውጣት እስከቻለ ድረስ፣ ግንኙነቱ ከሽያጭ የተለየ ነው። ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ደንቡ ማኅበራት ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ኪሳራም እንዲጋሩ ስለሚያስገድድ፣ ማንኛውም ሐኪም ከመፈረሙ በፊት ቁጠባው ስንት በስንት እንደሚከፈል ብቻ ሳይሆን ኪሳራ ቢመጣ የሚሸከመው ማን እንደሆነ ማንበብ ይኖርበታል።

የጥበቃው ጊዜ ችግር ደግሞ አሁን በመንግሥትም በኩል መልስ ማግኘት ጀምሯል። ከ2024 ጀምሮ፣ በአብዛኛው ሆስፒታል የማይመራቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አዳዲስ ኤሲኦዎች 250,000 ዶላር መነሻና ለሁለት ዓመት በየሩብ ዓመቱ የሚሰጥ ተጨማሪ ገንዘብ አስቀድመው መውሰድ ይችላሉ፤ የሚመልሱትም በኋላ ከሚያገኙት የቁጠባ ድርሻ ነው። በጥር 2025 የተጀመረ ሌላ ሙከራ ከዚህም ይሻገራል። በዚህ ሙከራ ለተመረጡ ኤሲኦዎች የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ክፍያ በታየ ታካሚ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ በየወሩ አስቀድሞ ይሰጣል። ሙከራው ለአምስት ዓመት የታቀደ ሲሆን፣ በእነዚህ ኤሲኦዎች ውስጥ ያለ ሐኪም ነርሷ በስልክ ላይ ያሳለፈችውን ሰዓት ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ ወሩ ሲጀምር በእጁ ይሆናል።